በደባርቅ ሆቴሎች የጽዳት ሠራተኞችን የሥራ ውጥረት ለመቀነስና ጤናቸውን ለመጠበቅ

የሥራ ውጥረት የሚባለው ሥራው የሚጠይቀው ነገር ሠራተኛው ካለው ጊዜ፣ ጉልበት፣ መሣሪያና በሥራው ላይ የመወሰን ዕድል በልጦ ሲገኝ በአካልና በአእምሮ ላይ የሚፈጠር ጫና ነው። ጫናው ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ሰውነት ዐርፎ ያገግማል፤ ወር በወር ላይ ሲደራረብ ግን እንቅልፍ ያሳጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የወገብና የትከሻ ሕመምን ያባብሳል፣ ውሎ አድሮም ሥር የሰደደ የሥራ መዛልን ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ይህ መዛል ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ የሚታወቅበትም ጉልበት ተሟጦ በማለቁ፣ ልብ ከሥራው በመራቁ፣ እንዲሁም የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ እንደሌለው ሆኖ በመታየቱ ነው።

ይህ መመሪያ በደባርቅና በዳባት ሆቴሎች እንዲሁም ከዚያ ከፍ ብለው በስሜን ተራሮች በሚገኙ ሎጆች ለሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች፣ ለኀላፊዎቻቸውና ለባለቤቶች የተዘጋጀ ነው። መነሻ ሐሳቡ የጽዳት ሠራተኛዋ ውጥረት በአብዛኛው የሚመነጨው ከባሕርይዋ ወይም ከትዕግሥት ማነስ ሳይሆን ሥራው ከተደራጀበት መንገድ በመሆኑ መፍትሔውም ከዚያው መጀመር አለበት የሚል ነው። "ቻይው"፣ "ታገሺ" የሚለው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም የክፍሎቹን ቁጥር አይቀንስም፣ የጀሪካኑንም ክብደት አያቀልም።

ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት የጣሉት ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው ጤናን አብልጦ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻውን ሳይሆን ብዙ ሥራ እየተጠየቁ የትኛውን አስቀድሞ፣ በምን ፍጥነት መሥራት እንደሚገባ ራስን ችሎ መወሰን አለመቻል ነው፤ ዮሐንስ ዚግሪስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የሚደክሙት ድካምና በምላሹ የሚያገኙት ክፍያ፣ አክብሮትና የሥራ ዋስትና አለመመጣጠኑ በራሱ የጤና ጠንቅ መሆኑን አሳይቷል። የሆቴል ክፍል ጽዳት ሁለቱም ጉዳቶች በአንድ ላይ የሚገኙበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት በላስ ቬጋስ ከተጠየቁት 941 የክፍል ጽዳት ሠራተኞች 63 በመቶ ያህሉ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ከባድ የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረባቸው መግለጻቸውን ዘግቧል። በዚያ ከተማ አሳንሰርና የማያቋርጥ ሙቅ ውኃ እያለ ሕመሙ ይህን ያህል ከሆነ፣ ደረጃ እየወጡና ውኃ እየተሸከሙ በሚሠሩት ላይ የሚደርሰውን አቃልሎ ማየት አይገባም።

የደባርቅን ሥራ ልዩ የሚያደርገው

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በውስጧ በመሆኑ ወደ ፓርኩ የሚገባ ተጓዥ መግቢያ የሚከፍለው፣ አስጎብኚና ጠባቂ የሚይዘው እዚሁ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል፤ የከተማዋ ሆቴሎችም ኑሯቸው ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው። እንግዳ የሚበዛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ሲሆን፣ በተለይም በጥር ለጎንደር ጥምቀት የመጣው መንገደኛ ወደ ስሜን ሲዘልቅ ሥራው ይጠነክራል። ሰኔና ሐምሌ ሲገቡ ደግሞ ክፍሎቹ ባዶ ይሆናሉ።

ከዚህ የተነሣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጫና ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ክፍሎች ሁሉ በሞሉበት ወቅት የሚመጣው የአካል ድካም ሲሆን፣ ሁለተኛው እንግዳ በጠፋበት ወቅት የሚመጣው የሥራ ማጣት ስጋት ነው። በመጋቢት 2012 የኮቪድ ወረርሽኝ ጉዞን ሲያቆም፣ በነሐሴ 2013 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ሲደርስና ከየአካባቢው የተፈናቀሉ ሰዎች በደባርቅ ሲጠለሉ፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮም በክልሉ ግጭት ሲስፋፋ ይህ ስጋት ከወቅታዊነት አልፎ ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚኖር ሆኗል። ስለ ውጥረት የሚጻፉ አብዛኞቹ ምክሮች የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ስለሚመለከቱ ለደባርቅ ሠራተኛ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣሉ።

መጀመሪያ፦ አይቶ መመዝገብ

ማናቸውም ማሻሻያ ከመደረጉ በፊት ሥራው እንዳለ መታየት አለበት። ኀላፊው አንድ ደብተር አዘጋጅቶ እንግዳ በበዛበት አንድ ሳምንትና በቀዘቀዘበት ሌላ ሳምንት፣ ስንት ክፍል እንደተጸዳ፣ ከመካከላቸው ስንቱ እንግዳ የለቀቀው እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ ደረጃ እንደተወጣ፣ ስንት ጀሪካን ውኃ በሸክም እንደሄደ፣ ሥራ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት፣ እንዲሁም ምሳ በሰዓቱ መበላቱን በየቀኑ ያስመዘግባል። በዚያው ደብተር የሰው አካል ሥዕል ከፊትና ከኋላ ተስሎ ሠራተኞቹ የሚያማቸውን ቦታ ስማቸውን ሳይጽፉ ምልክት ያደርጉበታል። መጻፍ የማትችል ሠራተኛ ብትኖር ምልክቱ ብቻውን በቂ ነው።

መዝገቡን ኀላፊው ብቻውን ሊሞላው አይገባም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ሥራ ላይ የዋለው የሆቴል ጽዳት ደንብ አሠሪዎች የአካል ጉዳት መከላከያ ዕቅድ በጽሑፍ እንዲያዘጋጁና ሠራተኞቹን በግምገማው እንዲያሳትፉ ያስገድዳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የትኛው አልጋ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ አንሶላ ለማስገባት እንደሚያስቸግር፣ የትኛው መታጠቢያ እንደሚያንሸራትት የምታውቀው በየቀኑ የምታጸዳው ሴት ናት። ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድም እንዲሁ ወሳኝ ነው። በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ በአንቱታ፣ ሌሎች ሰዎች በሌሉበት ሊጠየቁ ይገባል፤ "ምን ጎደለሽ?" ከሚል ጥያቄ ይልቅ "ከዛሬው ሥራ የቱ ከበደ?" የሚለው እውነተኛ መልስ ያስገኛል፣ የመጀመሪያው ሠራተኛዋን የሚመረምር ሲሆን ሁለተኛው ሥራውን የሚመረምር ነውና።

ክፍልን በቁጥር ሳይሆን በክብደት ማደል

በብዙ ሆቴሎች ሥራ የሚታደለው በክፍል ቁጥር ሲሆን፣ ለውጥረት ትልቁን በር የሚከፍተውም ይህ ልማድ ነው። እንግዳው ገና ያልለቀቀው ክፍል፣ እንግዳው የለቀቀው ክፍልና ከተራራ ጉዞ የተመለሰ ቡድን ያደረበት ክፍል በጉልበትም በጊዜም ፈጽሞ አይተካከሉም። በፓርኩ ውስጥ ካሉት ከጨነቅ ወይም ከግጭ ሰፈር ሁለትና ሦስት ሌሊት በድንኳን አድሮ የሚመለስ መንገደኛ ጫማው በጭቃ የተያዘ ነው፤ ሙቅ ውኃ ለረጅም ሰዓት ይጠቀማል፣ ልብሱን በመታጠቢያው ውስጥ ያጥባል፣ ብርዱን ለመከላከልም ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይጠይቃል። የደባርቅ አልጋ በሁለትና በሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ የሚነጠፍ በመሆኑ በቆላ ከተማ ወይም በአዲስ አበባ የሚሠራበትን የክፍል ቁጥር እንዳለ ወስዶ መጠቀም ሠራተኛዋን ያለ አግባብ ያደክማል።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሦስት ሠራተኞች በተለመደው ፍጥነታቸው እያንዳንዱን የክፍል ዓይነት ሲያጸዱ ጊዜው ይለካል፤ ለመለኪያነት ፈጣኗን ብቻ መምረጥ ሁሉንም በእርሷ ልክ ማስሮጥ ስለሆነ መወገድ አለበት። ለምሳሌ ያህል እንግዳው ያልለቀቀው ክፍል 20 ደቂቃ፣ የተለቀቀው 40 ደቂቃ፣ ከተራራ የተመለሰ ቡድን ያደረበት 60 ደቂቃ ወሰደ እንበል። ከ8 የሥራ ሰዓት ወይም ከ480 ደቂቃ ላይ ለዕቃ ማዘጋጃ 30፣ ለአጭር ዕረፍት 30፣ ለኮሪደር፣ ለደረጃና ለልብስ ማጠቢያው 60 ደቂቃ ሲቀነስ ለክፍሎች የሚተርፈው 360 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ለአንዲት ሠራተኛ 18 ያልተለቀቁ ክፍሎች፣ ወይም 9 የተለቀቁ፣ ወይም ከተራራ የተመለሱ ሰዎች ያደሩባቸው 6 ክፍሎች ማለት ነው። ቁጥሩ በየሆቴሉ የሚለያይ ቢሆንም ስሌቱ በግልጽ ተጽፎ ሠራተኞቹ በሚያዩት ቦታ ከተለጠፈ፣ "ለእገሊት ቀላሉ ተሰጣት" የሚለው ቅያሜ በእጅጉ ይቀንሳል። አድልዎ አለ ብሎ ማሰብ ከሸክሙ ባልተናነሰ ሰውን ያደክማል።

የነገን ሥራ በዛሬ ምሽት ማሳወቅ

ድንገተኛነት ራሱ ጫና ነው። ሠራተኛዋ ጠዋት ስትገባ አምስት ክፍል ይጠብቀኛል ብላ አሥራ አምስት ካገኘች፣ ወይም ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ቡድን መጣ ተብላ ከተመለሰች፣ በቤት የሚጠብቃትን ልጅና የሚጋገር እንጀራ እያሰበች ስለምትሠራ ድካሟ እጥፍ ይሆናል። ይህን ለማቃለል የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው። እንግዳ ተቀባዩ በየዕለቱ ከ11 ሰዓት በፊት ለአስጎብኚዎችና ለሹፌሮች ደውሎ በማግስቱ ከፓርኩ የሚወጡና ወደ ፓርኩ የሚገቡ ቡድኖችን ቁጥር ይጠይቃል፤ ይህንንም በሰሌዳ ላይ ጽፎ ለጽዳት ክፍሉ ያሳውቃል። የቡድን መምጣት ዘግይቶ የሚታወቅበት ቀን መኖሩ ስለማይቀር፣ በዚያን ቀን ማን እንደሚያመሽ በተራ አስቀድሞ መወሰንና ተረኛዋን ማሳወቅ ይገባል።

በጾም ወራት የሥራው ቅደም ተከተል ሊለወጥ ይገባዋል። ዐቢይ ጾም እንግዳ ከሚበዛበት ወቅት ጋር በከፊል የሚገጥም ሲሆን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ የምትውል ሠራተኛ ከባዱን ሥራ በጠዋት፣ ገና ጉልበት እያላት ብትጨርስ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ፎጣ ማጠፍና አቧራ መጥረግን የመሰለ ቀላል ሥራ ብትይዝ ማዞርና መውደቅ ይቀንሳል። በምትፈታበት ሰዓት ተቀምጣ የምትበላበት ጊዜ የተጠበቀ መሆን አለበት። በረመዳን ለሚጾሙ ሠራተኞችም ያው ይሠራል።

ወገብ፣ ትከሻና ጉልበት

አልጋ ማንጠፍ ቀላል የሚመስል ነገር ግን ወገብን አጉብጦና አዙሮ የሚሠራ ሥራ በመሆኑ የጡንቻና የአጥንት ሕመም፣ ማለትም በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የተነሣ በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ዋነኛ ምንጭ ነው። ፍራሽ በአንድ እጅ እያነሡ በሌላው አንሶላ ማስገባት አይገባም። ሠራተኛዋ በአንድ ጕልበቷ ተንበርክካ ወይም ጕልበቷን አጥፋ ከአልጋው ጋር እኩል ዝቅ ካለች በኋላ ማዕዘኑን ታስገባለች፤ ከዚያ እጇን ከመዘርጋት ይልቅ በእግሯ ዞራ ወደ ሌላው ማዕዘን ትሄዳለች። ፍራሽ መገልበጥና አልጋ ማንቀሳቀስ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ሥራ አይደለም። አልጋዎች ከግድግዳው አንድ ሰው በጎን የሚያልፍበት ያህል ርቀት እንዲኖራቸው ማድረግ ባለቤቱን ምንም ሳያስወጣው በየቀኑ ብዙ መጠማዘዝን ያስቀራል።

መወልወያው ረጅም እጀታ ሊኖረው ይገባል። ወለልን ተጎንብሶ በጨርቅ ማበስ በብዙ ቤቶች የተለመደ ቢሆንም በሆቴል ደረጃ፣ በየቀኑ አሥርና ከዚያ በላይ ክፍል ሲሠራበት ጕልበትንና ወገብን ይጨርሳል። ቧንቧ በሚቋረጥበት ቀን ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ስለሚመዝን፣ በየፎቁ ትልቅ በርሜል አስቀምጦ ውኃ ሲኖር መሙላትና በደረጃ ላይ የሚወጣውን በ10 ሊትር ከፍሎ በሁለት እጅ አመጣጥኖ መያዝ ይመከራል። እርጥብ ብርድ ልብስ ከደረቀው በጣም ስለሚከብድ ሁለት ሰዎች ጠምዝዘው ሊያሰጡት ይገባል።

እዚህ ላይ ሊታረም የሚገባው አንድ አስተሳሰብ አለ። ጽዳት እንቅስቃሴ ስለሆነ ለጤና ጥሩ ነው፣ ስፖርት ይተካል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በሰባት ሆቴሎች በሚሠሩ 84 ሴቶች ላይ የተደረገ ታዋቂ ጥናት ሥራቸው ጥሩ የአካል እንቅስቃሴ መሆኑ የተነገራቸው ሠራተኞች ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደታቸውና የደም ግፊታቸው ቀንሶ መገኘቱን ስለዘገበ ይህ ሐሳብ ተስፋፍቷል። ሥራን ማክበር መልካም ቢሆንም ግኝቱ ሸክምን ላለመቀነስ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ስፖርት የሚሠራ ሰው ሲደክመው ያቆማል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ሲደክማትም ትቀጥላለች። ከፍታውም ድካሙን ይጨምራል፤ በ2,850 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ከሊማሊሞ ግርጌ ወይም ከሌላ ቆላ አካባቢ አዲስ የመጣች ሠራተኛ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀለል ያለ ድልድል ያስፈልጋታል። በ3,260 ሜትር ላይ በሚገኙት የቡዪት ራስ አካባቢ ሎጆች ይህ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

በረኪና፣ ብርድና የከሰል ጭስ

በረኪና ጀርም የሚገድል ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ ነው። በረኪናን ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል የክሎሪን ጋዝ፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱም ሳንባን ያቃጥላሉ፤ ጠባብና መስኮት የሌለው መታጠቢያ ውስጥ ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ። "ሁለቱን ቢቀላቅሏቸው ይበልጥ ያነጻል" የሚለው እምነት በየሆቴሉ ስላለ ይህ ማስጠንቀቂያ በዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ በትልቁ ሊጻፍ ይገባል። ማሸጊያው 5 በመቶ የሚል በረኪና ለተራ ወለልና ለመጸዳጃ አንድ እጁ ከ49 እጅ ውኃ ጋር፣ ደምና ትውከት ለፈሰሰበት ቦታ አንድ እጁ ከ9 እጅ ውኃ ጋር ይቀላቀላል። የሚበጠበጠው በየቀኑ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ሰው ውኃ መስሎት እንዲጠጣው ስለሚያደርግ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት።

የደባርቅ ብርድ፣ ቀዝቃዛ ውኃና በረኪና በአንድ ላይ ሲገናኙ የእጅ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ የኬሚካልና የጀርም መግቢያ ነው። ለእያንዳንዷ ሠራተኛ የራሷ የሆነ፣ በልኳ የተገዛ የጎማ ጓንት፣ ከሥሩም የሚለበስ የጥጥ ጓንት፣ የማያንሸራትት ቦቲ፣ በሥራው መጨረሻም ቫዝሊን መስጠት የአሠሪው ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም። ቆሻሻ በእጅ ተጭኖ አይጠቀጠቅም፤ ውስጡ ምላጭ ወይም መርፌ ሊኖር ይችላል። መርፌ የወጋት ሠራተኛ ቦታውን ሳትጨምቅ በሳሙናና በውኃ ታጥባ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ሰዓቱ በቀደመ መጠንም የተሻለ ይሠራል፤ ለ28 ቀንም ይወሰዳል። በሦስት ጊዜ የሚሰጠው የጉበት በሽታ ቢ ክትባትም ከጉዳት በፊት ሊወሰድ ይገባል።

በክረምት አንሶላ ለማድረቅ ወይም የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ለማሞቅ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ማስቀመጥ በአካባቢው የተለመደ ቢሆንም፣ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቅ ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። ከሰል የሚቀጣጠለው ውጭ ነው፣ ማድረቂያው ክፍልም ሁለት ተቃራኒ መስኮቶች ክፍት ሊሆኑለት ይገባል።

ክብርን የሚነካ ነገር

ከክፍል ዕቃ ጠፋ በተባለ ቁጥር የመጀመሪያ ተጠርጣሪ መሆን፣ የእንግዳን ጸያፍ ንግግር ወይም የእጅ መንካት ዝም ብሎ መቀበል፣ የተሰበረ ብርጭቆ ዋጋ ከደመወዝ ሲቆረጥ መመልከት በሠራተኛዋ አእምሮ ላይ ከአካል ድካም የበለጠ ጠባሳ ይተዋል። እንግዳው በውስጡ እያለ ክፍል አይጸዳም፤ እንግዳው ካልወጣ ሠራተኛዋ ተመልሳ ትሄዳለች፣ ስለዚህም አትወቀስም። በሥራ ላይ እያለች በሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ የመወልወያው ባልዲ ደፉ ላይ ይቀመጣል። አንዲት ፊሽካ በአንገት ማንጠልጠል ርካሽና የሚሠራ መከላከያ ነው። ተረስቶ የተገኘ ዕቃ ወዲያውኑ በሁለት ሰው ፊት ተመዝግቦ ለእንግዳ ተቀባዩ ይሰጣል፤ ይህ መዝገብ እንግዳውንም ሠራተኛዋንም ይጠብቃል። እንግዳ ትንኮሳ ሲፈጽም ኀላፊው ከእንግዳው ጋር የሚነጋገረው ሠራተኛዋን አብሮ ሳያቆም ነው፤ በዚያን ቀን ያ ክፍል ለሌላ ሴትም አይሰጥም።

እንግዳ በሌለበት ወቅት

ክረምት ሲመጣ ለባለቤቱም ለሠራተኛዋም ችግር ነው። ባለቤቱ ሠራተኞቹን ለማቆየት የሚችልበትንና የማይችልበትን ጊዜ ከግንቦት በፊት በግልጽ ሊነግራቸው ይገባል፤ መጥፎ ዜና አስቀድሞ ሲነገር ሰው ይዘጋጃል፣ ተንጠልጥሎ ሲቀር ግን እንቅልፍ ይነሣል። በዚህ ወቅት ሁሉንም ለማቆየት ሰዓትን በስምምነት መቀነስና የዓመት ዕረፍትን መስጠት፣ ብርድ ልብስ ማጠብን፣ ቀለምና ጥገናን የመሰለ ሥራ ማቀድ ይቻላል። ሠራተኞቹ በበኩላቸው ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሚሰበሰብ፣ ዕጣውም በሰኔና በሐምሌ እንዲወጣ የተስማሙበት ዕቁብ ቢያቋቁሙ እንግዳ የሌለበትን ወቅት ያቀልላቸዋል። እንግዳ የሚሰጠው ጉርሻ በአንድ ሣጥን ተጠራቅሞ በእኩል የሚከፈልበት ሥርዓት ካለ ልብስ የምታጥበውና እንግዳ የማያያት ሠራተኛ አትጎዳም።

ምልክቶቹን መለየትና መታከም

ውጥረት በሰውነት የሚናገረው በራስ ምታት፣ በጨጓራ ማቃጠል፣ በልብ ምት መፍጠን፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት በማልቀስና ነገር በመርሳት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ የጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ድካም ሁሉ ግን ውጥረት አይደለም፤ የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳና እርግዝናም ተመሳሳይ ስሜት ስለሚፈጥሩ በመጀመሪያ የሚደረገው የአካል ምርመራ ነው። በደባርቅ ሆስፒታል ምርመራ የሚገኝ ሲሆን፣ የሥነ አእምሮ ክትትል የሚያስፈልጋት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች። ጸበል የምትጠመቅ ሠራተኛ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ትችላለች እንጂ የታዘዘላትን መድኃኒት ልታቋርጥ አይገባም። ራሷን ስለ መጉዳት የምትናገር ብትኖር ብቻዋን አትተውም፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትወሰዳለች። በ2013 ጦርነት ቤተሰብ ያጡ ወይም የተፈናቀሉ ሠራተኞች በድንገተኛ ድምፅና በሌሊት ሥራ ሊረበሹ ስለሚችሉ የሚያሳምማቸውን እንዲናገሩ ሳይገደዱ የማይለዋወጥ የሥራ ሰዓት ቢሰጣቸው ይረዳቸዋል።

ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ ክፍያውም ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ፣ ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ጥምቀት የሕዝብ በዓል መሆኑን ማስታወስ እዚህ ይጠቅማል። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ነው፤ የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። ነፍሰ ጡር በሌሊትም በትርፍ ሰዓትም አትመደብም፤ ለሐኪም ምርመራ ስትወጣም ደመወዟ አይቆረጥም። ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስትስማማ ብቻ ሲሆን፣ ከወር ደመወዟ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ለተሰበረ ብርጭቆ ያለ ስምምነት የሚቆረጥ ገንዘብ ሕገ ወጥ ነው። ወሲባዊ ትንኮሳ የተከለከለ ድርጊት ሲሆን፣ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለመልቀቅ መብት አላት። ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉበት ሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ።

እነዚህን መብቶች ለመጠየቅ የተሻለው መንገድ በአንድነት መጀመር ነው፤ ሁለትና ሦስት ሆነው ኀላፊውን ማነጋገር፣ መልስ ከጠፋ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ ቅጂውን ማስቀረት፣ ከዚያም በከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ለሚገኝ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት። የጊዜ ገደብ ግን አለው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቂያው 6 ወር፣ ያለ አግባብ ከተሰናበቱበት ሥራ ለመመለስ የሚቀርበው አቤቱታ ደግሞ 3 ወር ብቻ ስለሆነ፣ በጥር ለጥምቀት አምሽታ የሠራች ሠራተኛ የትርፍ ሰዓቷን ሂሳብ ከሐምሌ በፊት ማቅረብ አለባት፤ ለዚህም በመመሪያው መጀመሪያ ከተጠቀሰው የሥራ መዝገብ ሌላ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት የምትጽፍበት የግሏ ደብተር፣ ከተቻለም አብራት ያመሸች ባልደረባ ምስክርነት ያስፈልጋታል።